የወግ ሰዓት

በዚያ ከተማ ዝም ማለት ወንጀል ነበር።

ማታ ሰው ሁሉ ከሥራው ገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ያለችውን ቀማምሶ ሲያበቃ ደወል ይደወላል። ያን ጊዜ በየቤቱ ወግ ይጀመራል። በየግድግዳው ላይ አፉ እንደ ጡሩምባ የሰፋ የቆርቆሮ ቱቦ ተተክሏል፤ ሕዝቡ «ጆሮ» ይለዋል። ከቱቦው ማዶ፣ አዳማጭ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ፣ ሰው ተቀምጦ ይሰማል። ቁም ነገር ተናገሩ የሚል የለም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጉንፋኑ፣ ስለ ጎረቤት ድመት ማውራት ይበቃል። ብቻ በቤቱ የሚኖር ነፍስ ያወቀ ሰው ሁሉ፣ ሁለተኛው ደወል እስኪደወል ድረስ ድምፁ መሰማት አለበት። የሚናገር ሰው ሆዱ ይታወቃል፤ ዝም ያለ ግን ምን እንደሚያውጠነጥን ማን ያውቃል? የአዋጁ ሐሳብ ይኸው ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለው ተረት ከትምህርት ቤት መጻሕፍት ከተፋቀ ቆይቷል። «ግድግዳ ጆሮ አለው» የሚለውን ግን ማንም አልነካውም። የዛሬ ልጆች ሲሰሙት «ታዲያ ምኑ ነው ተረቱ?» ብለው ይጠይቃሉ።

በአንዱ መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ አባትና አንዲት ልጅ ይኖሩ ነበር። ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሳሙና ፋብሪካ ትሠራለች። አባትየው ዕድሜውን በክር ፋብሪካ ፈጅቶ፣ የጥጥ ብናኝ ደረቱን ሲዘጋው በጡረታ የተሰናበተ ሰው ነው። እናትየው ልጅቷ ገና ጡት ሳትጥል አርፋለች።

ቀድሞ በዚያ ቤት ሦስተኛ ሰው ነበር፤ የልጅቷ ታላቅ ወንድም። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰው ድምፅ ስለምትቀዳ «በቀቀን» ያላት እሱ ነው። የሰፈሩን አለቃ ሳል፣ የትራሙን ደወል፣ የጎረቤታቸውን የእትዬ መርፌን የስፌት መኪና፣ ሁሉንም ታወጣለች። ከሁሉም ግን የሚዋጣላት አባቷ ነበር። አባትየው የታወቀ ወገኛ ነዋ! የክር ፋብሪካው መኪና ጆሮ ስለሚያደነቁር ቀኑን ሙሉ ከባልደረቦቹ ጋር በእጅ ምልክት ሲነጋገር ይውልና፣ ማታ ቤቱ ሲገባ የቀኑን ሁሉ ወሬ እንደ ጎርፍ ይለቀዋል። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

አንድ ማታ ወንድምየው ከስብሰባ ደክሞት ገባ። ደወሉ ተደውሎ ወግ ሲጀመር አባትየው ወደ ልጁ እያየ፣ «የኔ ልጅ እኮ ብልህ ነው» አለ። «ስብሰባ ላይ ዓይኑን ገልጦ መተኛት ተምሯል! ሲጨበጨብ ያጨበጭባል፤ ምን እንደተባለ ግን ሲነቃም አያውቅም!» ሦስቱም ሳቁ። ከሦስቱም ይበልጥ የሳቀው ወንድምየው ነበር።

በነጋታው ከሥራ ቦታው ወሰዱት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አባትየው ደጅ ጠና፣ ለመነ፣ ተንበረከከ። የተወሰደ ሰው ስሙም አይነሳም፤ «እንደዚህ ያለ ሰው አልነበረም» ብለው መለሱት። ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ «ልጄን በአፌ በላሁት» አለ። «ይህ ምላስ ከእንግዲህ አይላወስም።» ከዚያ በኋላ ለልጁም፣ ለጎረቤትም፣ ለማንም ቃል አልተነፈሰም።

ልጅቷ አለቀሰች፤ እግሩ ላይ ወደቀች። እሱ ፀጉሯን ይዳብሳል እንጂ አፉን አይከፍትም። ዝም የሚል ሰው ደግሞ የሚወሰደው «ማናገሪያ ቤት» ወደሚባለው ቦታ ነው። እዚያ የገባ እንጂ የወጣ ሰው አላየሁም ይላል አገሩ ሁሉ። ወንድሟ ሄዷል። አባቷም ከሄደ በዚህ ዓለም ላይ የሷ የሚባል ሰው አይኖርም። ደወሉ ሲደወል ልጅቷ የውሃውን ጆግ አነሳች፤ አፏን ወደ ጆጉ ጎድጓዳ አስጠግታ ደረቷን ነፋችና በአባቷ ድምፅ፣ «እንግዲህ… ዛሬስ ምን ተገኘ፣ በቀቀኔ?» አለች።

ከዚያም ጆጉን አስቀምጣ በራሷ ድምፅ መለሰች።

እንዲህ ተጀመረ። ማታ ማታ ልጅቷ ለሁለት ሰው ታወራለች። በአባቷ ድምፅ ትጠይቃለች፣ በራሷ ትመልሳለች፤ በሱ ትቀልዳለች፣ በራሷ ትስቃለች። ሳሉንም፣ ከወንበሩ ሲነሳ «ኧኸ» የሚላትንም አትረሳም። አባትየው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ የገዛ ድምፁን ይሰማል። መጀመሪያ ላይ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። እያደር ግን ማየት ጀመረ፤ ከዚያም በክር ፋብሪካው የእጅ ምልክት ያርማት ገባ። ቀልዱ ሳይጥመው ሲቀር ሁለት ጣቶቹን አፋትጎ ይለያያቸዋል፤ «ክሩ ተበጠሰ» ማለት ነው። ሲጥመው መዳፉን እንደ ሞላ ማጠንጠኛ ያሽከረክራል። አንዳንድ ጊዜ በቀልዱ መሐል ትከሻው ይርገፈገፋል፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው።

ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ግን ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ በእጇ፣ «ምን እያልክ ነው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ጣቱን ወደ ላይ ጠቁሞ፣ ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ቱቦ ጠቁሞ፣ እጁን አወናጨፈ። እንደገባት ከሆነ፣ «ለእሱ ቱቦ አያስፈልገውም» ማለቱ ነበር።

ምስጢሩን የምታውቅ አንዲት ጎረቤት ብቻ ነበረች፤ ልብስ ሰፊዋ፣ እትዬ መርፌ። በቀጭን ግድግዳ ማዶ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ የእውነተኛውን አባት ሳቅ ለብዙ ዓመት ሰምተዋልና አይታለሉም። አንድ ቀን በደረጃው ሥር፣ ባልዲ በሚሞላበት ቧንቧ አጠገብ፣ ውሃው እየተንፏፏ ሳለ ልጅቷን በክርናቸው ጎሰም አደረጓት።

«አንቺ፣ አባትሽን ከአባትሽ አስበልጠሽ ሠራሽው እኮ!»

«እንዴት እትዬ?»

«ትናንት የድመቷን ወግ ስታወጪ መርፌው ጣቴን ወጋኝ፣ በሳቅ!»

የድመቷ ወግ ይህ ነው፤ አባትየው የጎረቤት ድመት ከአይጥ ስትሸሽ አይቶ «ነውር አይደለም እንዴ?» ቢላት፣ «አንተስ በጡረታ ተቀምጠህ የለ?» ብላ መለሰችለት።

«ደስ አለኝ፣ እትዬ» አለች ልጅቷ።

«ደስ አይበልሽ። ስሚኝ ልጄ፤ ትንሽ አሰልቺ አድርጊው። ስለ ወገቡ ያውራ፣ ስለ ጫማው ያውራ። አሰልቺ ሰው ዕድሜው ረጅም ነው።»

ልጅቷ እሺ አለች። ግን ማታ ሲሆን እጇ ላይ ያለው አባቷ ነው፤ እንዴት ብላ ታሰልቸው? ቀልዱን ስታሳጥረው የሞተ ይመስላታል። ደግሞ ያ የትከሻው መርገፍገፍ አለ። ያንን ለማየት ስትል ነገ ምን ላውራ እያለች ቀኑን ሙሉ ሳሙና በሽቦ እየቆረጠች ታስባለች። ስህተቷ ይህ ነበር፤ ፍቅር እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩ ተንኳኳ። «ይቅርታ፣ ቤቶች!»

የሰፈሩ ተቆጣጣሪ ነው። ሁልጊዜ ይቅርታ ብሎ ስለሚገባና ይቅርታ ብሎ ሰው ስለሚወስድ «አቶ ይቅርታ» ይሉታል። ወፍራም፣ ላብ የማያጣው፣ ቆቡን ይዞ የሚያሽከረክር ሰውዬ ነው።

«አባትየውስ?»

«ተኝቷል ጋሼ። ደረቱን አሞት።»

«አይቀስቀስ፣ አይቀስቀስ! እንዲያው ለምስጋና ነው የመጣሁት። ያቺ ጡረተኛ ድመት እኮ አዳማጭ ቤቱን ገለበጠችው! አንዷማ ከነወንበሯ ወደቀች። እባክሽ የኔ ልጅ፣ ለአባትሽ ንገሪልኝ፤ ሐሙስ ማታ ይድገማት። የሐሙስ ተረኞች አምልጧቸው ሲያዝኑ ነው የሰነበቱት።»

«እነግረዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ድምፁን እንደሆነ ከሺህ ድምፅ ይለዩታል አሁን። ቤተሰብ ሆነ በይው!»

ወጥቶ ሲሄድ ልጅቷ በሩን ደግፋ ቆመች። አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብሎ ጣቶቹን አፋተገ፤ ግን አልለያያቸውም። ክሩ በጣም ቀጥኗል ማለቱ ነበር።

በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ታማ ቀረችና ልጅቷን ከሽቦው ክፍል አንስተው ዱቄት ሳሙና ወደሚታሸግበት ክፍል ወሰዷት። መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ዱቄቱ እንደ ጉም ተንሳፍፎ ይውላል፤ አፍንጫ ያቃጥላል፣ ዓይን ያስለቅሳል። አፋቸውን በጨርቅ ቢሸፍኑም ጨርቁን አልፎ ይገባል። ልጅቷ ሥጋት ገባትና ወደ አለቃዋ ሄደች።

«ጋሼ፣ ጉሮሮዬን እየበላኝ ነው። ወደ ሽቦው ይመልሱኝ።»

«ሁላችንንም የሚበላን ነገር አለ። ሂጂና ዝም ብለሽ እሸጊ!» አለ አለቃዋ። ከዚያ ያለውን ቃል ራሱ ሰማና ደንግጦ ግራ ቀኝ አየ። «ማለቴ… እያወራሽ እሸጊ።»

ሴቶቹ ከጨርቃቸው ሥር ሳቁ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ያን ማታ የአባቷ ድምፅ ሲሰነጠቅባት በሳል ሸፈነችው። በማግሥቱ የራሷም ተሰነጠቀ። እትዬ መርፌ ሞቅ ያለ ውሃ በጨው፣ ሲገኝም ማር እያመጡ አጉመጠመጧት። «ቀን ቀን ለማንም አታውሪ፤ ለማታ አጠራቅሚው» አሏት። እሷም እንደ ቆጣቢ ሰው ድምፅዋን አጠራቀመች።

ያጠራቀሙት ሁሉ አይገኝም። አንድ ምሽት፣ ውጭው እየዘነበ፣ ደወሉ ሲደወል ልጅቷ ጆጉን አንስታ አፏን ከፈተች። የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። እንደገና ሞከረች። ጉሮሮዋ ላይ እሳት ያለ ይመስላል፣ ድምፅ ግን የለም። የአባቷን ተወችውና በራሷ «አባዬ» ልትል ሞከረች። እሱም የለም።

ግድግዳው ማዶ የእትዬ መርፌ ድምፅ ይሰማል፤ ሴትዮዋ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ለራሳቸው ነው የሚያወሩት። ከፎቅ በላይ ባልና ሚስት ይጨቃጨቃሉ። ከታች ሕፃን ይዘፍናል። ሕንፃው በሙሉ እንደ ንብ ቀፎ ሲንጫጫ፣ የነሱ ቤት ብቻ ጸጥ አለ። በወግ ሰዓት ከቤት መውጣት አይቻል፣ ጎረቤት መጥራት አይቻል። ልጅቷ ማንኪያ በሳህን ላይ አንኳኳች፣ ወንበር ጎተተች፤ ዕቃ ግን ሰው አይሆንም። እንባዋ ወረደ። አባቷን አየችው።

አባትየው ቱቦውን ትኩር ብሎ ያይ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደ እሷ መለሰ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከንፈሩ ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርገው ለትንሽ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«በ… በቀቀኔ» አለ።

ዘይት ከተቀባ ብዙ ዘመን የሆነው በር እንደሚከፈት ያለ ድምፅ ነበር። ልጅቷ ክው ብላ ቀረች።

«አታልቅሺ። ጉሮሮሽን አሳርፊው። ዛሬ እኔ ላውራ።» ተነፈሰ። «አንድ ወግ… አንድ ልጅ ነበር አሉ። ገና ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እናቱ በሞተች ማግሥት ሕፃን እህቱ አልተኛ አለች። አባቷ ይዟት ዞረ፣ ዘፈነ፣ ለመነ፤ እሷ እሪ! አባትየው ደክሞት ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እና ሲነቃ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ደነገጠ። ጠረጴዛው ሥር ሲያይ፣ ያ ልጅ እህቱን ታቅፎ ተኝቶ፣ በአፉ የክር መኪና ድምፅ ያወጣል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ሽር… ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ሽር… ሕፃኗ አፉ አፉን እያየች ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች። ድምፅ መቅዳት ከማን ተማረች ይሉኛል ሰዎች። ከኔ ይመስላቸዋል። ከኔ አይደለም፣ ልጄ። ከሱ ነው።»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ይህን ወግ ሰምታው አታውቅም። ድምፁንም ሰምታው የምታውቅ አልመሰላትም። እሷ ስታወጣው የኖረችው ድምፅ የቀልደኛው ነበር፤ ፈጣን፣ የሚያገሳ፣ በየመሐሉ የሚንቆራጠጥ። ይህኛው ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ጫፉ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ነገር ቀስ ብሎ ያስቀምጠዋል። ምናልባት ዝምታው ለውጦት ይሆናል። ምናልባትም ቀድሞም እንዲህ ነበር፤ እሷ ያስታወሰችው ሳቁን ብቻ ነው። እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጉልበቱን ተደገፈች። እሱም አወራ። ስለ እናቷ ረጅም አንገት አወራ፤ ክር ፋብሪካ የገባበትን የመጀመሪያ ቀን፣ ስለ ዝናቡም አወራ። ሁለተኛው ደወል እስኪደወል አላቆመም።

ደወሉ ተደወለ። አባትና ልጅ ተያዩ፤ ልጅቷ ፈገግ አለች። አመለጥን ብላ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ።

«ይቅርታ፣ ቤቶች!»

አቶ ይቅርታ ካፖርቱ በዝናብ ርሶ ገባ። ከኋላው ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። «ከታች ጠብቁኝ» አላቸው። በሩን ዘጋ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ የቱቦውን አፍ ደፈነበት። ልጅቷ ይህን ስታይ ይበልጥ ፈራች።

«እንደምን አመሹ» አለ አባትየውን። «ይቅርታ፣ በእንዲህ ያለ ዝናብ… ከአዳማጭ ቤት ተደውሎ ነው። እዚህ ቤት የማይታወቅ ወንድ ተሰምቷል።»

አባትየው አፉን ሊከፍት ሲል ተቆጣጣሪው እጁን አነሳ።

«አይናገሩ። እባክዎ መጀመሪያ እኔ ላውራ፤ ከተናገሩ በኋላ እኔም የሰማሁ ሰው እሆናለሁ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ላቡን ጠረገ። «እኔ ፊትዎን አውቀዋለሁ። ከክር ፋብሪካ ሲወጡ ስንት ጊዜ አይቼዎታለሁ። ግን ፊት አይመዘገብም። የሚታወቀው ድምፅ ነው፤ ጆሮ ደግሞ አይሳሳትም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ አዋጁ ነው። እንግዲህ ጆሮ ካልተሳሳተ፣ ዛሬ ያወራው ሰው የዚህ ቤት አባት አይደለም ማለት ነው። ወይም…»

ልጅቷን አያት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ወለሉ አወረደ።

«ወይም ዛሬ ያወራው ነው አባትየው። ያን ጊዜ እስከ ዛሬ በዚህ ቤት ሲያወራ የኖረው ማን ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ጆሮን ያታለለ ሰው አለ ማለት ነው። ለዚያ ሰው ማናገሪያ ቤት አይደለም የሚጠብቀው። ከዚያ የባሰ ነው። ልጅ ነው፣ ሽማግሌ ነው አይባልም። እኔ አንድ ሰው ይዤ መውረድ አለብኝ። የትኛውን እንደሆነ የምመርጠው እኔ አይደለሁም። ይቅርታ።»

አባትየው አልዘገየም። ልጅቷ ነገሩን አስልታ ሳትጨርስ፣ ቀና ብሎ ቆመ።

«እኔ እንግዳ ነኝ» አለ።

ልጅቷ ጮኸች። አፏ ተከፍቷል፣ የአንገቷ ሥሮች ተገትረዋል፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ራሷን እየነቀነቀች ጣቷን ወደ አባቷ፣ ከዚያ ወደ ራሷ ደረት ወዘወዘች። እኔ ነኝ፣ ድምፁ የኔ ነው ማለቷ ነበር። ተቆጣጣሪው ፊቱን አዞረ።

«ልጅቷ ምን ትላለች?» አለ፣ ግድግዳውን እያየ።

«ታማለች» አለ አባትየው። «ጉሮሮዋን ነው። ጌታዬ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ። ዝናብ አባረረኝና በሩን አንኳኳሁ፤ አዝና አስገባችኝ። አባቷ ከጓዳ ተኝቷል መሰለኝ፣ አላየሁትም። ብቻዋን ዝም ብላ ከምትቀጣ ብዬ ትንሽ አወራሁላት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ» አለ አቶ ይቅርታ፣ «ና፣ እንሂድ።»

አንቱታው ቀረ።

አባትየው ወደ በሩ ሲያመራ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ሚስማሩ ዘረጋ፤ ካፖርቱ እዚያ ተንጠልጥሏል። ጨርቁን ሲነካ ግን እጁ ቆመ። ካፖርቱ የዚህ ቤት አባት ነው። የመንገደኛ አይደለም። እጁን ሰበሰበ። ልጅቷ ዘላ ካፖርቱን ከሚስማሩ ነጠቀችና ትከሻው ላይ ልታለብሰው ታገለች። እሱ ቀስ ብሎ ገፋት።

«አይ ልጄ… አይ፣ አንቺ ልጅ። የሰው ልብስ አልለብስም። አባትሽ ሲነሳ ይበርደዋል፤ ለሱ አስቀምጪለት።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት። ሲያላቅቃቸው መዳፏ ውስጥ፣ ተቆጣጣሪው በማያይበት በኩል፣ መዳፉን እንደ ሞላ ማጠንጠኛ አሽከረከረ። ከዚያ ለባዕድ እንደሚሰናበት ሰው ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ስላስጠለልሽኝ እግዜር ይስጥልኝ። አባትሽን ሰላም በይልኝ። ደህና ልጅ ነው ያለችህ በይልኝ።»

ወጣ። በሸሚዙ ብቻ ደረጃውን ሲወርድ ሳሉ ተሰማ። አቶ ይቅርታ ቆቡን ከቱቦው ላይ ከማንሳቱ በፊት ወደ ልጅቷ ጠጋ አለ።

«አባትሽ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል ብዬ አስታውቃለሁ። ለጥቂት ቀን አይጠብቁትም። አንቺም እስኪሻልሽ እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ግን…» አለና ቃሉን ዋጠ። «እዚያ ያሉት ሰዎች ይወዱታል። ዝም ካለ ይጠይቃሉ፤ ከጠየቁ ደግሞ እኔ መመለሴ አይቀርም። ይቅርታ፣ የኔ ልጅ።»

ጎረምሶቹ በዝናቡ ውስጥ በሸሚዝ የሆነውን ሰው ይዘውት ሲሄዱ ልጅቷ በመስኮት አየች። ቀና ብሎ አላየም። መንገደኛ ቀና ብሎ የሚያየው መስኮት የለውምና።

ጠዋት እትዬ መርፌ መጡ። ሁሉን በግድግዳው በኩል ሰምተዋል። ልጅቷን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ልጅቷ ለቅሶዋ እንኳ ድምፅ አልነበረውም። በኋላ ወደ ቧንቧው ይዘዋት ወረዱና ውሃውን ለቀቁት።

«መሞት ያምርሻል፣ አውቃለሁ» አሏት። «እኔም አምሮኝ ያውቃል። ግን ስሚኝ። ሰውየው በነፍሱ የገዛሽ ልጅ ነሽ። አባት ቤት አለ ተብሏል። የለም የተባለ ቀን የሱ መሄድ ከንቱ ይሆናል። ድምፅሽ ሲመለስ ታወሪያለሽ።»

ልጅቷ ራሷን በኃይል ነቀነቀች።

«ታወሪያለሽ፣ እቴ። አንጀትሽ እያረረም ቢሆን።»

ማሩም፣ ጨዉም፣ ዕድሜዋም ተረዳድተው ድምፅዋን መለሱት። ፋብሪካውም የታመመችው ሴት ስትመለስ ልጅቷን ወደ ሽቦው መለሳት። ስለ አባቷ የሰማችው ነገር የለም። የተወሰደው ስም የሌለው መንገደኛ ነው፤ ስም ለሌለው ሰው ደጅ አይጠናም፣ ስንቅ አይቋጠርም። «አባቴን የት አደረሳችሁት?» ብላ እንዳትጠይቅ፣ አባቷ ቤቱ አለ።

የጉንፋኑ ጊዜ አለቀ። ማታ ደወሉ ተደወለ።

ልጅቷ ወንበሩ አጠገብ ቆመች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ደረቷን ነፋች። የመጣላት ግን ያኛው ድምፅ አልነበረም። ከጉሮሮዋ ሥር፣ ሳትጠራው፣ ይኸኛው መጣ፤ ዝቅ ያለው፣ ጫፉ ላይ የሚንቀጠቀጠው፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ነገር ቀስ ብሎ የሚያስቀምጠው። አንድም ሳይጎድል መጣ። ከንፈሯ ላይ ሲደርስ አፏን በእጇ ደፈነችው። ይህ ድምፅ ከተሰማ እንግዳው ተመለሰ ይባላል። አባቷ ነው፣ እውነተኛው፣ በዚያ ማታ ያወራላት፤ በገዛ ቤቱ ግን አንዲት ቃል ሊናገር አይችልም። ዋጠችው። ሲወርድ አቃጠላት። አንተ ቱቦ የማያስፈልግህ፣ አለች በልቧ፣ እሱን አንተ ስማልኝ። አንተ ጋ ይናገር።

ከዚያ ጆሮው እንዳይጠብቅ ብላ፣ ትንፋሿን ሰበሰበችና በቀልደኛው ድምፅ ጀመረች።

«እንግዲህ… ተሻለኝ መሰለኝ! ይሄ ጉንፋን እኮ ከጎረቤት ይብሳል፤ አንዴ ከገባ ለመውጣት ጫማው ይጠፋዋል!»

ከሩቅ፣ ከቆርቆሮው ማዶ፣ የሆነ ሰው የሳቀ መሰላት። አሁን ተራው የራሷ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነው። ውጭው ይዘንባል። የሚስል፣ «ኧኸ» ብሎ የሚነሳ፣ ትከሻው የሚርገፈገፍ ሰው የለም። በገዛ ድምፅዋ መናገር የከበዳት በዚያ ማታ ብቻ ነው።

«እንኳን ተሻለህ፣ አባዬ» አለች። እንዳይሰበርባት ጠረጴዛውን ያዘች። «ዝናቡ በርትቷል። አልበረደህም?»

ጥያቄው ክፍሉ ውስጥ ቆመ። መልስ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ።

«ኧረ አይበርደኝም፣ ልጄ» አለች በአባቷ ድምፅ። «ደህና ነኝ።»